በጨው የተቋጠረው መዝገብ

ሐይቅ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ኑርሀያት፤ ሎጊያ

ጤናዎን ከመጠየቄ በፊት፣ በሕይወት ስለተገኙ አልሃምዱሊላህ ልበል። ደስታዬ ልክ የለውም! ማን ናት ይቺ እብድ እንዳይሉኝ፣ ሙጂባ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ አሳ ጠብሼ የምሸጥ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ከእርስዎ በኋላ የባድሩ ሚስት የነበርኩት እኔ ነኝ። በአላህ፣ እዚህ ላይ ሲደርሱ ደብዳቤውን ቀደው እንዳይጥሉት። ነገር ይዤ አልመጣሁም።

ባድሩ በ1998 ሲያገባኝ የመጀመሪያ ሚስቱ በ1993 ሞታብኛለች ብሎ ነው። በሠርጋችን ሳምንት ክንዴን ይዞ መቃብር ወሰደኝና ድንጋይ የተደረደረበት አንድ አጭር መቃብር አሳየኝ። «ይቺ ኑርሀያት ናት። አፍ ነበራት፤ ትመልስልኝ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ሞኟ፣ «መቃብሩ አጠረ እኮ» አልኩት። «አጭር ሴት ነበረች» አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በስምዎ ንፍሮ እየቀቀልኩ ለመንደሩ ሕፃናት ሳካፍል ኖርኩ። ሲደበድበኝ ያደረ ቀን ደግሞ፣ «እሷስ ሞታ ተገላገለች» እያልኩ እቀናብዎት ነበር። አውፍ ይበሉኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ውጫሌ ወጥቼ ፈዲላ ከምትባል ነጋዴ ጨው ገዛሁ። ጦርነቱ ሲያልፍ የፍርድ ቤቱ በር ተሰብሮ መዝገቡ መንገድ ላይ ተበትኖ ስለነበር፣ ገበያተኛው እየለቀመ ይቋጥርበታል። ቤቴ ገብቼ ጨዉን ስገለብጥ ማኅተም አየሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና የተጻፈ ነገር አላልፍም፤ አነበብኩት። አመልካች ወይዘሮ ኑርሀያት፣ ተጠሪ አቶ ባድሩ ይላል። ቀኑ 1996 ነው። ሞቱ ከተባለ በሦስተኛው ዓመት ችሎት ቆመው ባልዎን ፈተዋል! ወላሂ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ተሻለች በአጥር ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» ብትለኝ፣ «ጣውንቴ ከሞት ተነሣች» አልኳት። አማተበች።

ያገኘሁት ገጽ አንድንና ገጽ ሦስትን ነው። ሁለተኛው ገጽ የለም። ገጽ ሦስት ላይ መንጋጋዎ በዘነዘና እንደተሰበረ ተጽፏል። ኑርዬ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ጎረቤቴ ነው፤ ይህን ስነግረው፣ «ሎጊያ ላይ ለሹፌር ሻይ የምታፈላ የወሎ ሴት አለች። ረጅም ናት፣ መንጋጋዋ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ስትስቅ ያየ የለም» አለኝ። ረጅም ናት ነው ያለኝ። ታዲያ ያ አጭር መቃብር የማን ነው?

አሁን ችግሬን ልንገርዎ። እኔም እንደ እርስዎ ውጫሌ ላይ ፈትቼዋለሁ፣ በ2010። ጦርነቱ መጥቶ ወደ ደሴ ስንሸሽ ግን ግልባጬን ቤት ትቼው ነበር። ስንመለስ የሰው ሁሉ ቤት ተዘርፏል። ከኔ ቤት የጠፋው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። መጥበሻው አለ፣ ብርድ ልብሱ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ሌባው ማን እንደሆነ ይገባዎታል። አሁን ባድሩ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ፣ ክላሽ ተሸክሞ «ሚስቴ ናት፤ ፈታሁ ካለች ወረቀቷን ታሳየኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ሙነወር ከሚባል አሳ አስጋሪ ጋር ኒካህ ልናስር ነው። ሽማግሌዎቹ በባድሩ ታላቅ ወንድም በዘይኑልአቢዲን መሪነት ተቀምጠው፣ «ረመዳን ሳይገባ ወረቀቱን አምጪ። ካላመጣሽ ወደ ባልሽ ቤት ግቢ። ያለ ወረቀት ካገባሽው ሙነወር የሰው ሚስት ነጥቋልና፣ ባድሩ ቢገድለውም ደሙን የሚጠይቅ የለም» ብለው ፈረዱ።

እርስዎ ቀጠሮ ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሻይ ይሸጡ እንደነበር የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ፈንታሁን ነግሮኛል። የፍርድ ቤቱን ነገር ያውቁታል። የኔን መዝገብ የት ልፈልገው? ስልክዎንም ይላኩልኝ፤ እኔ እንደሆነ በወረቀት አልጠግብም። ወረቀትዎን ከነጨው ሽታው ልኬልዎታለሁ።

የሞቱ መስሏት ያለቀሰችልዎ፣ ሙጂባ


ሎጊያ፣ ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሙጂባ

ወረቀቱ ደርሶኛል። ጨዉን አራግፌ አስቀምጬዋለሁ።

አንቱ አትበይኝ። ጣውንት ጣውንትን አንቱ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ስልክ የለኝም። በ2001 ነበረኝ፤ ባድሩ በዚያው ስልክ የት እንዳለሁ አጠያይቆ መጣ። የመጣ ቀን የደረሰብኝን ወረቀት ላይ አላሰፍርም። ለሹፌር የተሰጠ ደብዳቤ ግን የሚደርሰው ሹፌሩ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። እንዲህ ይሻለኛል።

ንፍሮውን አላህ ይቀበልሽ።

መዝገብ ፍለጋውን ተዪው። የኔ ፍቺ በተጻፈ በአራተኛው ቀን የተከራየሁበትን ጎጆ በሩን በውጭ ቆልፎ ለኮሰው። በጓሮ ግድግዳውን በጥርስም በጥፍርም ቦርቡሬ ነው የወጣሁት። ወረቀቱ ጉያዬ ውስጥ ነበር። ወረቀት ጥይት አይመልስም፣ እሳትም አይመልስም። ሎጊያ ነይ። መኝታ አለ፣ ሥራም አለ።

ሌላውን ጥያቄሽን አልመልስም።

ኑርሀያት


ሐይቅ፣ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴ ኑርሀያት

እሺ፣ አንቺ ብያለሁ! ከአፌ እስኪለመድ ግን ትንሽ ያንቀኛል።

«የመቃብሩ ጥያቄሽ ያናድዳታል» ብሎ ኑርዬ ስለነገረኝ ደግሜ አልጠይቅም። ለአጉል አፌ ይቅርታ። ጎጆሽን ሳነብ የሰውነቴ ጸጉር ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ በጓሮ ወጣሁ ስትዪ «ጎሽ!» ብዬ ጮህኩ። አሳ ሊበሉ የተቀመጡ ሰዎች ደነገጡ።

ሎጊያ ነይ ላልሽው፣ አላህ ያክብርሽ። ግን እዚያ ሙቀት ውስጥ እኔ ምን እሠራለሁ? አሳው ያለ እሳት ይጠበሳል። ደግሞ የሸሸሁ እንደሆነ ሙነወርን ማን ይተውልኛል?

ወረቀት ጥይት አይመልስም ያልሽው እውነት ነው። እኔም አስቤበታለሁ። ባድሩ ግን ብቻውን አይደለም፣ እቴ። ከኋላው «ሚስቱን ነው፣ ምን ያድርግ?» የሚሉ ሰዎች ቆመዋል። ጥይት የሚያጎርሱለት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ለእሱ አይደለም፤ ለእነሱ ነው።

ጋሽ ፈንታሁንን ብታዪው ታዝኚያለሽ። ጭቃ የበላውን ወረቀት አንድ በአንድ ጠርጎ፣ ጠጠር እየጫነ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ከዚያ በዓመትና በወር ለይቶ በሲባጎ ያስራል። «ቁጥር ስጪኝ፤ ቁጥር ከሌለሽ ቀን ስጪኝ። ስም ብቻ ይዘሽ ከመጣሽ ያገሬ ሴት ግማሿ ሙጂባ ናት» አለኝ። ቀኑንስ እንዴት እረሳዋለሁ! የተፈረደልኝ በአረፋ በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእርዱ ሥጋ ገና አላለቀም ነበር። ያ ክረምት ለውጥ መጣ ተብሎ አገር ሁሉ የሚተቃቀፍበት ጊዜ ነበር። ባድሩ እንኳ ሽማግሌ ልኮ፣ «አገር ታርቋል፣ እናንተም ታረቁ፣ ሁሉም እየተደመረ ነው» አስባለኝ። «ሁሉ ሲደመር እኔ ልቀነስ፤ የጎድን አጥንቴ ገና አልጠገነም» አልኳቸው። አገሩም አልታረቀ፣ እኔም አልታረቅኩ።

አረፋ እንግዲህ ሐምሌ ነው። ማመልከቻዬን «በሐምሌ ወር 2010 የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጠኝ» ብዬ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ መታወቂያዬን አያይዤ አስገባሁ። ጋሽ ፈንታሁን የሐምሌን እስር ሦስቴ ፈታው። የለም።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በየገበያው እየዞርኩ በወረቀት የተቋጠረ ነገር ሁሉ እገዛለሁ። በርበሬ፣ ጨው፣ ኮሎ፣ አብሽ። ቤት ገብቼ እፈታና አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ለጋሽ ፈንታሁን እመልሳለሁ። እስካሁን የአሥራ ሦስት ሰው ፍቺ፣ የሁለት ሰው ውርስና የአንድ በሬ ክስ መልሻለሁ። በሬው ረትቷል።

ትዕግሥትሽን የማትወርስ፣ ሙጂባ


ሐይቅ፣ የካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴ ኑርሀያት

ፊደሌ ቢወላገድ አትታዘቢኝ፤ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ነው። የሐይቁ ንፋስ ዘንድሮ ክፉ ነው።

በኑርዬ በኩል ሙነወር ደህና ነው ወይ ላልሽኝ፣ ደህና ነው። ጀልባው የለችም እንጂ እሱ ደህና ነው። ተቃጠለች። የደረቀ ቄጠማ አጠገብ ነበረች፤ እሳት አያጣም መቼም። አሁን ከዳር ሆኖ በመንጠቆ ያጠምዳል። ትንንሽ ነው የሚይዘው፤ ግን ትንሽ አሳ ይጣፍጣል።

መዝገቡ ገና አልተገኘም። የአሥራ ዘጠኝ ሰው ፍቺ ደርሷል፤ የኔ ብቻ የለም። ዘይኑልአቢዲን ትናንት በደጄ አልፎ፣ «ሙጂባ፣ ረመዳን ደረሰ» አለኝ። «ሳሙና ገዝቼ ልታጠብለት» አልኩት። አልሳቀም።

ከሱቅ ሱቅ ስዞር ውዬ ደክሞኛል፣ ዛሬ አላወራም።

ሙጂባ


ሎጊያ፣ መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙጂባ

ብርድ ክንድ አይሰብርም። ኑርዬን ሻይ ከልክዬው ሁሉንም አስለፈለፍኩት። ባድሩ በክላሽ ሰደፍ ቀኝ ክንድሽን ሁለት ቦታ እንደሰበረው፣ ወጌሻ በቀርከሃ እንዳሰረሽ፣ በግራ እጅሽ እየጻፍሽ እንደሆነ ነገረኝ። ጀልባይቱም የነደደችው ሙነወር ውስጧ ተኝቶ ሳለ መሆኑን፣ ጀርባው ተልጦ በሆዱ እንደሚተኛ ነገረኝ። ለሰው ሁሉ ስዋሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። «ከደረጃ ወድቄ ነው፣ ላም ረግጣኝ ነው» እያልኩ። እኔን አትዋሺኝ።

አሁን ስሚ። አረፋ መቼ ነው ሐምሌ የሆነው? አምና ነው። አረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ሙስሊም ሆነሽ ይህን ከሎጊያ እኔ ልንገርሽ? በ2010 አረፋ የዋለው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። አዋሽ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቶ፣ ከሹፌሮቹ ጋር ሰላቱን አስፋልት ላይ ሰግደናል። አልረሳውም። የአምናውን አረፋ ይዘሽ የዚያን ዓመት መዝገብ ትፈልጊያለሽ።

ነሐሴ ደግሞ ፍርድ ቤት ዕረፍት ነው። ያንቺን የፈረደው ተረኛ ችሎት ነው። ክረምት መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ፣ የተረኛው ችሎት ወረቀት ከሌላው አይደባለቅም ነበር። አረንጓዴ የብረት ሳጥን ነበረች፤ በሩ ላይ ባለችው የዘበኛው የሙላት ማደሪያ ውስጥ ነበር የምትቀመጠው። ሻይ ስሸጥ በላይዋ ላይ ብርጭቆ ደርድሬባት አውቃለሁ። ሙላት በሕይወት ካለ ሂጂና ጠይቂው።

ከዚያም ወረቀቱን ካገኘሽ በኋላ ነይ። ሎጊያ ነው የምልሽ።

ኑርሀያት


ሐይቅ፣ መጋቢት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴ! የኔ ረጅም!

ተገኘ! ተገኘ! ተገኘ! ሦስቴ የጻፍኩት ግራ እጄ ደስ ስላለው ነው።

ስለዋሸሁሽ አውፍ በይኝ። ሥቃዬን ጽፌ የጨረስኩ እንደሆነ ደስታዬ ያልቅብኛል ብዬ ነበር። የሙነወር ጀርባ ቆዳ እየያዘ ነው፤ ዛሬ ቁጭ ብሏል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ከጋሽ ፈንታሁን ጋር ሙላት ቤት ሄድን። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል። «ያቺ ሳጥን…» ብለን ሳንጨርስ፣ «ጭዱ ሥር ናት። ተኩሱ ሲቀርብ ተሸክሜያት ገባሁ» አለን። ጋሽ ፈንታሁን ግንባሩን መታ። «ሁለት ወር ሙሉ ጭቃ ስጠርግ እያየኸኝ ለምን ዝም አልክ?» አለው። ሙላት፣ «ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ባቄላውን ቀጠለ።

ነሐሴ 18 ቀን 2010። ለካ የገዛ አረፋዬን ተሳስቻለሁ! ጋሽ ፈንታሁን እኔን እያየ፣ «እኔስ ክርስቲያን ነኝ፣ አንቺን አምኜ» አለኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አነበብኩት፣ እቴ። «ተጠሪ አመልካችን በኤሌክትሪክ ገመድ አስሮ ሁለት የጎድን አጥንቷን የሰበረ በመሆኑ፣ ጋብቻው በፍቺ እንዲፈርስ ተወስኗል» ይላል። ገመዱን ረስቼው ነበር። ሰው ገመድ ይረሳል? ሰውነቴ ግን አልረሳም። መጨረሻው ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚለው ጋ ስደርስ ተረጋጋሁ። ደስ የሚል አረፍተ ነገር ነው።

ሰባት ግልባጭ አስነሣሁ፤ ሰባቱም ላይ ማኅተም አለ። አንዱ በኑርዬ እጅ መጥቶልሻል፣ ጉያሽ ውስጥ ይቀመጥ። ጉያሽ እሳት ያለፈበት ነው፣ አምነዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ከነገ ወዲያ መስጊዱ ግቢ ይቀመጣሉ።

ሙጂባሽ


ሐይቅ፣ መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴ ኑርሀያት

ረመዳን ከሪም። ወሬው ሎጊያ ድረስ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተኮሰ እያልሽ ሦስት ሹፌር ልከሽብኛል። የሞተ የለም። የተኮሰው ባድሩ ነው።

ብዙ አላወራም ብዬ ነበር፣ ግን ታውቂኛለሽ።

የመስጊዱ ሼህ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ገመዱ ጋ ሲደርሱ፣ ባድሩ ተነሥቶ ከእጃቸው ነጠቃቸው፤ አራት ቦታ ቀደደው። «እንግዲህ የታለ? አሁን የታለ ወረቀቷ?» አለ። እንደ ልጅ ነው ያለው። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። እንዲህ በአደባባይ ስቄ አላውቅም። ከቀሚሴ ውስጥ ሌላ ግልባጭ አወጣሁና፣ «ቅደድ፣ ባድሩ፣ ቅደድ። ገና ብዙ አለኝ፤ ዋናው ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው» አልኩት። ሴቶቹም ሳቁ። ቃታውን ሲያቀባብል ሰማሁ።

አፈሙዙን በመዳፉ የያዘው ዘይኑልአቢዲን ነው። ያ ረመዳን ደረሰ ሲለኝ የነበረ፣ ወደ ወንድሜ ቤት ግቢ ሲለኝ የኖረ ሰው። ጥይቱ መዳፉን በስቶ ሁለት ጣቱን ይዞ ሄደ። ደሙ ነጭ ጋቢውን አለበሰው፤ እሱ ግን አፈሙዙን አልለቀቀም። «ሚስቱ አይደለችም! ያዙት፣ ሚስቱ አይደለችም!» ይል ነበር። የያዙት ደግሞ ለባድሩ ሊመሰክሩለት የመጡት ሰዎች ናቸው። በሰደፉ መቱት፤ እኔን በመታበት በዚያው። ጥርሱ ሲረግፍ አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። አሁን እስር ቤት ነው። የተያዘው በተኩሱና በሁለት ጣት ነው፤ ጠበቃው በዋስ አስወጣዋለሁ እያለ ይፎክራል።

ወረቀት ጥይት አይመልስም ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ፣ አልመለሰም። የመለሰው የዘይኑልአቢዲን መዳፍ ነው። መዳፉን እዚያ ያደረሰችው ግን ወረቀቷ ናት። በዚህ እንስማማ።

ሙጂባ


ሎጊያ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙጂባ

እንስማማለን።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ደብዳቤሽን ሳነብ ስቄያለሁ፤ መንጋጋዬ አመመኝ። የሳቅኩበትን ሰው መዋሸት አልፈልግም።

መቃብሩ የልጄ ነው። ኢልሀም ትባላለች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነበራት። እኔን ለመምታት ዘነዘናውን አነሣ። ኢልሀም ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነበር። እኔ አጎነበስኩ።

መንጋጋዬን የሰበረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንዳልጮህ። ለሰው ሁሉ ከአልጋ ወደቀች አልን። እሱ አለ፣ እኔም በታሰረ አፌ ራሴን ነቀነቅኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ተናገርኩ፤ ለዳኛው። ምስክር አልነበረኝም። እሱ ግን ቃሌን ሳይቆርጥ አስጻፈው፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ዘነዘናውን። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ነደደ፤ አገሩን ለቅቄ ሄድኩ። የኔን ግልባጭ በ2001 ሲያገኘኝ በላው። አፉ ውስጥ ከትቶ አኝኮ ዋጠው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

የኢልሀም ስም ያለው በገጽ ሁለት ላይ ነው። በዓለም ላይ ስሟ የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም።

ኑርሀያት


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴ ኑርሀያት፣ የኢልሀም እናት

ዒድ ሙባረክ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ እስከ ዛሬ መጻፍ ያልቻልኩት ክንዴ ስላልዳነ አይደለም፤ ከቀርከሃ ተፈትቷል፣ ይኸው በቀኜ ነው የምጽፈው። ምን እንደምል ስላጣሁ ነው። እኔ ምን እንደምል ሳጣ አይተሽኝ አታውቂም።

ትናንት ከዒድ ሰላት በኋላ ከሙነወር ጋር መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ሣሩን ነቀልን፤ የተናደውን ድንጋይ መለስን። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ያ ሁሉ ንፍሮ፣ በስምሽ ብዬ ለሕፃናት ያካፈልኩት። እኔ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ አላህ ግን ያውቅ ነበር። የሕፃን ሰደቃ ሕፃናት በሉት። አንዱም አልጠፋም፣ እቴ፤ ሁሉም ለባለቤቷ ደርሷል። ማጎንበስሽን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዘነዘናውን ያነሣው አንቺ አይደለሽም።

ኒካሃችን ሐሙስ ነው። ዘይኑልአቢዲን በተጠቀለለ እጁ ምስክር ሊሆን ጠይቆ እሺ ብዬዋለሁ። ሙነወር «ምስክራችን ስምንት ጣት ነው» ይላል። ንፍሮው የዚያን ዕለት በኢልሀም ስም ይቀቀላል።

እና ደግሞ ለጋሽ ፈንታሁን ሁለተኛ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። «በ1996 የተሰጠ፣ ገጽ ሁለት» ብዬ። ቀኑን አስተካክዬ ነው የጻፍኩት፤ ሙላትንም አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ገበያ ወጥቻለሁ። የባድሩ ጉዳይ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ገና አልተቋጨም፤ እሱ ሳይወጣ የኢልሀምን ገጽ ይዤ መድረስ አለብኝ። ፈዲላ ያንን ሰሞን ጨው የቋጠረችላቸውን ሴቶች አንድ በአንድ አስታውሳ ነገረችኝ። ሠላሳ አንድ ናቸው። አሥራ አራቱ ቤት ሄጃለሁ። ሰዉ ሲያየኝ ጨዉን ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጦ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ሳልጠይቅ። ቤቴ በጨው ተሞላ፤ ሙነወር «ሐይቁን ባሕር ልታደርጊው ነው» ይለኛል።

አሥራ ሰባት ቤት ይቀራል። ወረቀቱ ከመጨረሻው ቤት ቢታጣ ከመጀመሪያው ቤት እጀምራለሁ። የኔ መዝገብ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል። ያንቺ ግን ገጽ ሁለት እስኪገኝ ድረስ አልተዘጋም፤ እኔ ሙጂባ ከፍቼዋለሁ።

ጣውንትሽ ሙጂባ